የሚወለቀው ስፒከር

ሰፈራችን ውስጥ ባለቤቴን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። «የቀይዋ መኪና ጌታ» ይሉታል። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ቢያልፈኝም እስከ ዛሬ «ሲስተር» ነኝ። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህችው ቀይ መኪና ነው። ወሬው ከመኪና ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ግን ነገሩ ሲጀመር እኔም አላወቅሁም ነበር።

መኪናዋ ካርማን ጊያ ትባላለች። እኩዮቼ ታስታውሷት ይሆናል፤ ዝቅ ያለች፣ ጀርባዋ ክብ፣ ሁለት በር ያላት። ንድፏ የወጣው ቱሪን ከተማ ጊያ በተባለ የጣሊያኖች ድርጅት፣ አካሏ የተሠራው ኦስናብሩክ ከተማ ካርማን በተባለ የጀርመኖች ፋብሪካ ነው፤ ስሟም ከሁለቱ የመጣ ነው። ሥሯና ሞተሯ ግን የቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ከ440 ሺህ በላይ ተሠርታለች። የእኛዋ የ1968 ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 1500 ሲሲ፣ ጉልበቷ 44 ፈረስ። የውድድር መኪና ትመስላለች እንጂ አትሮጥም። ኩባንያው ራሱ ይህን አልደበቀም፤ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ባስነገረው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ መኪናዋ እየከነፈች መጥታ የተወጠረ ወረቀት ጥሳ ልታልፍ ስትል ወረቀቱ አልቀደድ ይላታል። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ለቤታችን እንግዳ ሁሉ ያወራል። «ታምራለች እንጂ አትቸኩልም፤ ልክ እንደኔ» ብሎ ይጨርሰዋል።

በ1982 ዓ.ም. ነው የገዛት፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ የውጭ አገር መምህር። ሁለት ልጆች ይዘን ሦስተኛውን አርግዤ ነበር። «አምስት ሰው ሆነን ሁለት ሰው የምትይዝ መኪና!» ብዬ ሦስት ቀን አኩርፌያለሁ። ከወንበሮቹ ኋላ ያለችው ጠባብ መቀመጫ ግን ሦስቱንም ልጆች አሳደገች። ምጤ ሲመጣ ሆስፒታል ያደረሰችኝም እሷው ናት። መሬት ልትነካ ምንም ስለማይቀራት ከውስጧ ለማውጣት ሁለት ሰው ጎትቶኛል፤ ከተጎተትኩት አንዱ አብሮኝ የሚሠራ የጤና ረዳት ስለነበር ታሪኩ ጡረታ እስክወጣ አልተረሳልኝም።

ነገሩ የተጀመረው ያለፈው ክረምት ሲወጣ ነው። ባለቤቴ እሑድ ረፋዱ ላይ መኪናዋን ይወለውልና ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሱሉልታ ይወስደኛል። ከዳሽቦርዱ ሥር ካሴት የምታጫውት ራዲዮ ተንጠልጥላለች፤ ያላት ስፒከር አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን «ይቺ ስፒከር ሞታለች» አለና ድምፁን ጨመረ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ጨመረ። እኔ መስኮት ከፍቼ ጭንቅላቴን ወደ ውጭ አወጣለሁ። «አይሰማም እኮ!» ይላል። «ሞተሩ ነው» እለዋለሁ። ውሸቴንም አልነበረም፤ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በዙሪያው ጩኸቱን የሚያፍንለት ውኃ የለውም። ደግሞም ያረጀ ስፒከር ወረቀቱ ይደርቃል፣ ይቀደዳል። ምክንያት ለሚፈልግ ሰው ምክንያት ሞልቷል።

ታላቁ የልጅ ልጃችን 17 ዓመቱ ነው። የተበላሸ ስልክና ራዲዮ ከየዘመዱ ቤት እየለቀመ መኝታ ቤቱን ጋራዥ አስመስሎታል። «አባባ፣ በሮቹ ላይ ሁለት አሪፍ ስፒከር ልግጠምልህ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም» አለ።

«በር ላይ? በትራፓኖ?»

«አዎ፣ ክብ አድርገን እንቆርጣለን...»

«እኔ ስሞት ትቆርጣላችሁ» አለ ባለቤቴ። ምሳ ላይ ነበርን፤ ማንም አልሳቀም።

ግትርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሞተሯ መለዋወጫ ከቮልስ ስለሚጋራ ሶማሌ ተራ ተሂዶ አይታጣም። በሯ ግን ከቮልስ በር ጋር ምንም ዝምድና የለውም። አካሏ ከብዙ ቁራጭ ቆርቆሮ እየተበየደ፣ መጋጠሚያው በእጅ እየተሞረደ የተሠራ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተበሳ መልሶ እንደነበረ የሚያደርገው ባትላሜራ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። በዚያ ላይ የመኪና በር ውስጡ ደረቅ አይደለም። የዝናብ ውኃ በመስኮቱ ጎን ወደ ውስጥ ወርዶ ከሥር ባሉ ቀዳዳዎች ነው የሚወጣው። እዚያ ውስጥ የተሰቀለ ስፒከር የክረምቱን ዝናብ ሲጠጣ ይከርማል፤ የተቆረጠው የቆርቆሮ ጠርዝም ዝገት ይጀምራል። 35 ዓመት ዝገት ሲከላከል የኖረ ሰው በ17 ዓመት ልጅ ትራፓኖ አይሸነፍም።

ልጁ ለአንድ ሳምንት አኮረፈና መጣ። «እሺ አባባ። ምንም ሳልበሳ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳልጨምር ብሠራስ? ስትፈልግ የምታወልቀው?»

«የሚወለቅ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበረው አንድ ወር ቤታችን ካየቻቸው ጥሩ ወራት አንዱ ነው። አያትና የልጅ ልጅ ሜትር ይዘው የኋላ መቀመጫዋን ለኩ። መደገፊያው ወደፊት ሲታጠፍ የዕቃ መደርደሪያ ስለሚሆን እዚያ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ተወሰነ፤ ርዝመቱ 80፣ ቁመቱ 22፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር። የሰፈራችን አናጺ ኮምፔርሳቶውን ቆረጠላቸው። ውስጡን የሞሉት ከእኔ ትራስ በወጣ ጥጥ ነው፤ ትራሱ ባዶውን አልጋ ላይ ተቀምጦ ነው ያወቅሁት። ለምን ሳጥን እንዳስፈለገ ልጁ አስረዳኝ። ስፒከር ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም ድምፅ ይገፋል፤ በሳጥን ካልተዘጋ የኋላው ከፊተኛው ጋር እየተጣፋ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ይህን በዚህ ዕድሜዬ ማወቄ ደስ አለኝ።

ሽቦው ላይ አንድ ስሕተት ሠርተው ነበር። ሁለቱ ስፒከሮች ሲከፈቱ ከአንዱ ያነሰ ሙዚቃ ሰጡ፤ ከበሮው ጨርሶ የለም። ባለቤቴ ተረተ፣ ልጁ ላቡ ወረደ። በኋላ ከቴሌቪዥን ሪሞት ላይ አንዲት የ1.5 ቮልት ድንጋይ አወጣና የስፒከሮቹን ገመድ ተራ በተራ ነካ ነካ አደረገ። አንደኛው ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቅ አለ፣ ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገባ። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጦ ነበር፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ገመዱ ሲስተካከል ከበሮው ተመለሰ። የልጅ ልጅ ያላችሁ ይህን አብራችሁ ሞክሩት፤ ድምፅ በዓይን ሲታይ ደስ ይላል። ብቻ ድንጋዩን ነካ አድርጎ ማንሣት ነው እንጂ ይዞ መቆየት አያስፈልግም።

እኔ የገባሁበት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ፊውዙ ነው። የእኛዋ ባትሪዋ እንደ ቮልስ ከመቀመጫ ሥር ሳይሆን ከሞተሩ ጎን ናት፤ የቤንዚን ጎማም እዚያው አካባቢ ያልፋል። ዕድሜውን ሙሉ ቮልስ ሲጠግን የኖረው መካኒካችን «ሲስተር፣ ቮልስን የሚያቃጥላት ያረጀ የቤንዚን ጎማና ፊውዝ የሌለው ሽቦ ነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ የ7.5 አምፔር ፊውዝ ካልገባ ሳጥኑ መኪና ውስጥ አይገባም አልኩ። ገባ። ሽቦው የነባሩ ሽቦ ማለፊያ በሆነው ቀዳዳ አለፈ፤ ጫፉ ላይ የሚነቀል መሰኪያ ተደረገለት።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ሳጥኑ ከነአምፕሊፋየሩ 9 ኪሎ መዘነ። «ከባድ ስለሆነ አይንቀሳቀስም» አሉኝ። እኔ ድንገተኛ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ተጋጭታ ድንገት ስትቆም፣ ያልታሰረ ዕቃ በዚያው ፍጥነት ነው ወደፊት የሚወረወረው፤ ከ10 ሜትር ከፍታ እንደተለቀቀ ማለት ነው። 9 ኪሎ ሣጥን ከሦስተኛ ፎቅ ማጅራታችሁ ላይ ሲወርድ አስቡት። በመኪና ፍሬን ምክንያት የኋላ መስኮት ላይ የተቀመጠ ክብሪት እንኳ የሚወድቅ አይመስላቸውም ሰዎች፤ እኔ ግን ከኋላ በተወረወረ ክሪክ የተመታ ሹፌር አስተኝቻለሁ። ስለዚህ መቀመጫዋ ከታሰረችባቸው ነባር ቡሎኖች ሥር ሁለት የብረት ቀለበት ገባ፤ በቀለበቶቹ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ አልፎ ሳጥኑ ተቀፍድዶ ታሰረ። ፈትቶ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መኪናዋ አንድም አዲስ ቀዳዳ የላትም።

የሙከራው ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልጆቹ ሁሉ መጥተዋል፣ ቡና ተፈልቷል፣ መኪናዋ ግቢ ውስጥ በሮቿን ከፍታ ቆማለች። ባለቤቴ መሪው ጋ ተቀመጠ። ልጁ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችውን ኤፍኤም ራዲዮ ከፈተ። ድምፁ እንዴት ያለ ንጹሕ ነበር! ዜና አንባቢው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

«ጨምር» አለ ባለቤቴ።

ጨመረ።

«ጨምር።»

የጎረቤታችን ውሻ መጮህ ጀመረ። ትንሿ የልጅ ልጄ፣ የአምስት ዓመቷ፣ ሁለት ጆሮዋን በእጇ ደፍና ወደ ቤት ሮጠች። ልጁ በጭንቀት አየኝ። ባለቤቴ ግንባሩን አጨማዶ ወደ ሳጥኑ ዞሮ ለተወሰነ ጊዜ አዳመጠና እንዲህ አለ፦

«ድምፁስ ይሰማኛል። የሚለው ነው የማይገባኝ።»

አንባቢዎቼ፣ የሕሙማን ካርድ ሳገላብጥ፣ ሰው ሳስተኛ፣ እናቶችን «ልጅሽ ስትጠሪው ዞር ይላል ወይ?» እያልኩ ስጠይቅ 37 ዓመት ኖሬያለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከስንት አዛውንት አፍ እንደሰማኋት ቁጥሩን አላውቀውም። የገዛ ባለቤቴ አፍ ውስጥ ስትገኝ ግን ቡና የያዝኩበት እጄ ተንቀጠቀጠ። ስፒከሩ አልሞተም ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያለፈውን ሁለት ሦስት ዓመት መልሼ ስፈትሽ አደርኩ። አንድ ቀን ከማድ ቤት ሆኜ «ጨው አልቋል!» ብዬው ደንግጦ ተነሥቶ «ሰው አልቋል? የት? ምን ሆነው?» ብሎኛል። ቤተሰቡ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እስከ ዛሬም ጨው ባለቀ ቁጥር እንቀልድበታለን። የዕድር ጸሐፊ ነበር፤ «ደከመኝ» ብሎ ለቀቀ። እኔም ዕድሜ ነው አልኩ። ለካ ስብሰባ ላይ ሰው ተደራርቦ ሲናገር ምንም እየያዘ አልነበረም፤ ቃለ ጉባኤ መጻፍ አቅቶት ነው። ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ሰው ሲስቅ ዘግይቶ ይስቃል። የመርሳት በሽታ ይሆን ብዬ በልቤ ፈርቼ ለልጆቼ እንኳ ሳልነግር ስከታተለው ነበር። ከሁሉ የከበደኝ የትንሿ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመጣ የዋለችበትን ሁሉ የምታወራው ለእሱ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተወችው። «ለምን ለአባባ አትነግሪውም?» ስላት «እሱ እሺ እሺ ብቻ ነው የሚለኝ» አለችኝ። ይህን ከነገረችኝ ስድስት ወር አልፎ ነበር። ሰምቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ የደነቆረ ሌላ ሰው ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት አንዲት ቀላል ምርመራ አደረግሁለት። እናንተም ልትሞክሯት ትችላላችሁ። ከሰውየው ጀርባ አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቆም፤ ከጀርባ የሚሆነው የከንፈር እንቅስቃሴ እንዳያይ ነው። የአንዱን ጆሮ ፊት ለፊት ያለችውን ሥጋ ጫን ብሎ መድፈን፤ ከዚያ ትንፋሽን አውጥቶ ሦስት ቁጥር ማንሾካሾክ። «ሰባት፣ ስድስት፣ ሠላሳ» አልኩ። ዝም። ደገምኩ። «ምን ልትይ ነው?» አለ። በሌላውም ጆሮ ያው።

ወዲያው መሣሪያ ፍለጋ አልሄድንም፤ መጀመሪያ የሚታየው የጆሮ ኩክ ነው። አዛውንት ጆሮ ውስጥ ደርቆ የተደፈነ ኩክ መስማት ሲከለክል ብዙ አይቻለሁ፤ በደቂቃዎች ሥራ የሚድን ነው። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን፣ ከግራው ጆሮ በቆሎ ፍሬ የሚያህል ወጣ። እዚህ ላይ የሙያ ነገር ስለሆነብኝ ልናገር፦ በክብሪት እንጨት፣ በቁልፍ፣ በእስክሪብቶ ክዳን ጆሮ አትጎርጉሩ። በጥጥ የተጠቀለለውም ቢሆን ኩኩን ወደ ውስጥ ነው የሚጠቀጥቀው። የፈላ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ይህን ሁሉ ተዉት፤ ታምቡሩ ተቀድዶ ከነበረ ጉዳቱ ከባድ ነው። ደግሞም በአንድ ሌሊት ድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ «ነገ ይሻለዋል» ተብሎ አያድርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጥ ነው።

ኩኩ ወጣ፤ የባለቤቴ መስማት ግን ጥቂት ብቻ ተሻሻለ። ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያለውን አሰሙት። ውጤቱ ላይ ያለው መስመር ቁልቁለት ነው። ወፍራም ድምፅ ላይ ከጤነኛ ሰው ብዙም አይርቅም፤ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ ይወርድ ይወርድና 4000 ኸርዝ ላይ ገደል ይገባል። ዕድሜ አንዱ ምክንያት ነው፤ 73 ዓመቱ ነው። ሁለተኛው ሥራው ነው። 32 ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ማሽን አጠገብ ቆሞ ሠርቷል፤ የጆሮ መከላከያ የሰጠው አልነበረም፣ እሱም አልጠየቀም። ማታ ሲገባ ጆሮው እንደሚጮህበት ይነግረኝ ነበር፤ እኔም «ተኛበት» ነበር የምለው። 85 ዴሲቤል የሆነ ጩኸት ለ8 ሰዓት ሲቀጥል ጆሮ እንደሚጎዳ፣ ጩኸቱ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ እንደሚቀንስ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ እንደ ፀጉር ያሉ ሕዋሳት አሉ፤ ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። የሞተው አይተካም። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት ደግሞ በር ላይ ያሉት ስለሆኑ ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው።

አሁን «ጨው አልቋል» ገባኝ። የቃላችን ጉልበት፣ ወፍራሙ ክፍል፣ አናባቢው ነው፤ እሱ ይሰማዋል። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጨ፣ ጠ ግን በቀጭኑ በኩል ያሉ ድምፆች ናቸው። እነሱ ሲጠፉ ጨውና ሰው አንድ ይሆናሉ። የሴትና የሕፃን ድምፅ ከወንድ ስለሚቀጥን ደግሞ መጀመሪያ ያጣው እኔንና ትንሿን ነው። ድምፅ መጨመር ይህን አያድነውም፤ ወፍራሙንም አብሮ ያሳድገዋል፣ ጩኸት ይሆናል። አንድ ወር ሙሉ የተደከመበት ሳጥን ጥፋት አልነበረበትም። አዛውንት ላይ ስትጮሁ «አትጩኺብኝ!» የሚሏችሁም ለዚህ ነው፤ በዝግታ፣ ፊት ለፊት ሆኖ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ መናገር ከጩኸት ይሻላል።

ያ የመርሳት በሽታ ፍርሃቴም ከንቱ አልነበረም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ሊከላከሏቸው ከሚቻሉ የአእምሮ መድከም መንሥኤዎች ውስጥ የመስማት ችግርን አስገብቶታል፤ በኋላ በወጡትም አለ። ሰው የማይሰማ ሰው ከሰው ይርቃል፣ ጭንቅላቱ ሥራ ይፈታል። ዕድር የለቀቀውን ባለቤቴን አሰብኩ።

መስሚያ ይደረግለት ተባለ። እዚህ ላይ ነው ጦርነቱ። «እኔ የሽማግሌ ዕቃ ጆሮዬ ላይ አልሰካም።» ዋጋውም የጡረተኛ ኪስ የሚችለው አልነበረም፤ ልጆቹ ተዋጥተን እንገዛለን ሲሉ ጭራሽ ተቆጣ። እኔ በነርስነቴ አስረዳሁ፣ አልሆነም። በሚስትነቴ ለመንኩ፣ አልሆነም። ታላቁ ልጄ «አባዬ፣ መነጽር ታደርግ የለ?» አለው፤ «መነጽር ሌላ ነው» አለ። እንዴት ሌላ እንደሆነ አላስረዳንም።

የልጅ ልጁ ነው የጨረሰው። ሳጥኑን ከመኪናዋ ፈትቶ እየተሸከመ ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «አባባ፣ አንተን እኮ ማንም ልብሳህ አላለም። የሚወለቅ ነው» አለ።

ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ እየሳቀ ነው። «ትራፓኖ የለም?» አለ። «ትራፓኖ የለም» አለው ልጁ።

መስሚያው የገባ ቀን ሁሉም ነገር አለቀ ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መከራ ናቸው። ሳሕን ሲጋጭ ይዘላል። የላስቲክ ከረጢት ድምፅ ያናድደዋል። የራሱን ማኘክ እየሰማ ምግብ ጠላ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ነው አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጠው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተቀመጡ አይቻለሁ። ለዓመታት ዝምታ የለመደ አእምሮ እንደገና እስኪለምድ ሳምንታት ይፈልጋል። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት እያደረግን፣ ከፀጥተኛ ክፍል ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ጎዳና አሳደግነው። ቀድሞ የነበረውን ሁሉ አይመልስም። ድግስ ላይ አሁንም ይጠፋበታል።

ሳጥኑ? ሳሎን ነው ያለው። ቡና ሲፈላ ልጆቹ ስልካቸውን አገናኝተው ያጫውቱበታል፤ ትንሿ ከፊቱ ትጨፍራለች። ልጁ መጀመሪያ ከፍቶት ነበር፤ የአንድ ወር ሥራው መኪናዋ ውስጥ አንድ ሳምንት አልቆየማ። በኋላ ግን የጓደኛው አባት ላላቸው አሮጌ ቮልስ እንዲህ ያለ ሳጥን እንዲሠራ አዘዙት። የፊውዙን ነገር ሳይጠየቅ ራሱ እንደነገራቸው ሰምቼ ኮራሁ።

ባለፈው እሑድ ወደ እንጦጦ ወጣን። አሮጌዋ ካሴት ራዲዮ፣ ያቺው አንድ ስፒከሯ፣ ድምፁ ከግማሽ በታች። መስኮት አልከፈትኩም። ስንመለስ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሊታጠፍ ፍሬቻ አበራና በድንገት ዳር ይዞ ቆመ።

«ምን ሆንክ?»

«አንድ ነገር ተበላሽቷል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?»

አዳመጥኩ። «ፍሬቻው ነው» አልኩት።

«ፍሬቻ ድምፅ አለው እንዴ?»

«ድሮም ነበረው።»

አጠፋው። መልሶ አበራው። መሪውን ይዞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከኋላችን ያለው ሚኒባስ መንገድ ዘግተንበት ኖሮ ክላክሱን ለቀቀብን።

«እሱንም ሰምቼዋለሁ» አለና ማርሽ አስገባ።